ይያዝልኝ ላሉት ሊቀመንበር፣ ስለተያዘው ሁሉ

መጋቢት 12 ቀን

ለክቡር አቶ ሙሉሰው
የዛጎል በር አስጎብኚዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ላሊበላ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? ከወንበርዎ እስከ ቢሮው ቁምሳጥን ያለውን አራት እርምጃ በቀን ስንት ጊዜ እየተመላለሱ ላፕቶፔን እንደሚጠብቁ ስለሰማሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእግርዎ ብርታት እመኛለሁ። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ወለተ ሐና ሸጋው፣ በሚመሩት ማኅበር ብቸኛዋ ሴት አስጎብኚ የነበረችው (“የነበረችው” ያልኩት እርስዎን ደስ ይበልዎ ብዬ ነው) የየትናየት ታናሽ እህት፣ ደህና ነኝ።

በግልጽ የምጽፍልዎ በፖስታ አሽጌ ሦስት ጊዜ አስገብቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ “ሽማግሌ እያየው ነው” ስለተባልኩ ነው። ሽማግሌው እርስዎ ነዎት። ሲያዩት የሰነበቱት ፊደሉ ደቅቆብዎ እንደሆነ ገምቼ፣ ይህን በትልልቁ አትሜ ቢሮው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ላስረዳ። በማኅበሩ እንግዳ የሚከፋፈለው በተራ ነው፤ ተራው የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ከመዝገቡ ጀርባ ደግሞ ላጲስ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ባለፈው መስከረም ክቡርነትዎ አስጠርተውኝ፣ “ልጄ፣ እኛም እንዘምን፤ ያ የሚያወራው ኤአይ ተራችንን ይያዝልን” ብለው አዘዙኝ። ኤአይ ረዳት ወሬ ያውቃል እንጂ ትናንት የነገሩትን ዛሬ አያስታውስም፤ ስለዚህ በአሮጌ ላፕቶፔ ላይ ትንሽ ሰርቨር ሠርቼ ማስታወሻ ደብተር እንዲኖረው አደረግሁ። ሰርቨር ማለት፣ እርስዎ በስብሰባ እንዳሉት ሰይጣን ማለት ሳይሆን፣ ሌላ ፕሮግራም ሲጠይቀው የሚታዘዝ ፕሮግራም ማለት ነው። የሚችለውም ሦስት ሥራ ብቻ ነው፤ ማስታወሻ መጻፍ፣ መፈለግ፣ ማንበብ። በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ አንድ አባል በጽሑፍም በድምፅም “ይያዝልኝ” ካለ፣ ረዳቱ የተባለውን ከተናጋሪው ስምና ከሰዓቱ ጋር ይጽፋል። ቃሉን የመረጥኩት ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ እሱን ሳይሉ ትንፋሽ ስለማይወስዱ ነው። ያኔ ከሁሉ አስቀድመው ያጨበጨቡትም እርስዎ ነበሩ፤ ቅሬታዎቼን ሲያነቡ ይህን አይርሱብኝ።

አንደኛ፤ በገና ሰሞን አንድ ቀን ጠዋት “ይያዝልኝ፣ የነገዎቹ ጀርመኖች የየትናየት ተራ ናቸው” አሉ። ከምሳ በኋላ ደግሞ “ይያዝልኝ፣ ጀርመኖቹን ምሥጋናው ይውሰዳቸው፤ እሷን ጉንፋን ይዟታል” አሉ። ምሥጋናው የወንድምዎ ልጅ ነው። እህቴ ጉንፋን እንደያዛት የሰማችው ከእርስዎ ነው። በዚያው ወር አራት ጊዜ አሳመሟት፤ አንዴ በጉንፋን፣ አንዴ በወገብ፣ አንዴ “በቤት ጉዳይ”፤ በአራተኛው በሽታ አልቆብዎ ነው መሰለኝ ዝም ብለው “ምሥጋናው ይውሰድ” አሉ። ወሰደም። አንዱን ቤተ ክርስቲያን በሁለት በር አስገብቶ ሁለት አድርጎ እንዳስጎበኛቸው ሰምተናል፤ ቅርስ በማብዛት ረገድ ላበረከተው አስተዋጽኦ አገር ያመስግነው።

ሁለተኛ፤ በየካቲት መጨረሻው ጠቅላላ ስብሰባ እህቴ “ተራዬ የት ገባ?” ብላ ጠየቀች። መዝገቡን ገለጡት፤ ገጹ ምንም ያልነካው ይመስል ነጭ ነበር። እሷም ስልኳን አውጥታ ረዳቱን ጠየቀችው፤ እሱም እርስዎ ያሉትን በሙሉ፣ ከነሰዓቱ፣ አርባ ሰው ፊት አነበበው። በየትኛው ማፈር እንዳለበት ስላላስተማርኩት ሁሉንም አነበበ፤ ይህ የእኔ ጉድለት ነው። ኮሚቴዎ ግን እህቴን “በማሽን አማካይነት ታላቅን በመዳፈር” ብሎ አገዳት፤ ባጇንም ከአንገቷ ላይ አወለቀ።

ሦስተኛ፤ በማግስቱ አስጠርተውኝ ለሰርቨሩ አራተኛ ሥራ እንድጨምርለት ለመኑኝ፤ ማጥፋትን። ያውም ሊቀመንበሩ ብቻ የሚያዝበት። “በቴክኒክ ከባድ ነው” ብዬዎት ነበር። ዋሽቼዎታለሁ፤ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ስላልፈለግሁ ነው።

አራተኛ፤ በዚህ ተቆጥተው ላፕቶፔን ወርሰው ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው ማህተም መቱበት፤ ቁልፉንም አንገትዎ ላይ አንጠለጠሉት። ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ እኛ ቤት ቢሆን ታናሽ ወንድሜ ሻይ ይደፋበት ነበር። ብቻ የቻርጀሩን ገመድ ከግድግዳው ሳይነቅሉት፣ የቢሮውንም ዋይፋይ ሳያጠፉት ረሱት። ስለዚህ ሰርቨሩ ይኸው ዘጠኝ ቀን ሙሉ በማኅበሩ መብራት፣ ከማኅበሩ ማህተም ጀርባ፣ በሊቀመንበሩ ዘበኝነት እየሠራ ነው። በላሊበላ መብራት ዘጠኝ ቀን ሳይጠፋ መቆየቱንም የእርስዎ አመራር ፍሬ ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

በዚህም የተነሳ፣ ባለፈው ማክሰኞ ለጸሐፊዎ ለአቶ ምስጋኑ (ከወንድምዎ ልጅ ከምሥጋናው ጋር እንዳይምታታ) ለብቻው የላኩለት መስሎዎት ግሩፑ ላይ የለቀቁት ድምፅ ማስታወሻ ቁጥር መቶ ሦስት ሆኖ ተይዟል። ከግሩፑ በደቂቃ ውስጥ አጥፍተውታል፤ በዕድሜዎ ያለዎትን ፍጥነት አደንቃለሁ፤ ረዳቱ ግን ቀድሞዎታል። የተናገሩትም ይህ ነው፦ “ይያዝልኝ ምስጋኑ፤ ልጅቷ ላይ ጥፋት አላገኘንም። ግን ባጁን ዝም ብለን ከመለስንላት ነገ ሁሉም ተነስቶ ተራዬ ተራዬ ሊለን ነው። እድሳቱ እስኪያልፍ እናቆያት።”

እድሳቱ ላይ ስደርስ ቀልዴ ያልቅብኛል። የአስጎብኚነት ፈቃድ የሚታደሰው እስከ መጋቢት ሠላሳ ነው፤ ባጅና የማኅበር ደብዳቤ ለሌለው አይታደስም። እህቴ ጀርመንኛን ከእንግዶች አፍ እየለቀመች ስምንት ዓመት የተማረች፣ የአሸተን ማርያምን ዳገት የደከመውን ሁሉ ደግፋ የምታወጣ ናት። ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ሌላም አትፈልግም። አሁን ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮዋ የመንገድ ጫማዋን አስራ ትወጣና ደጃፋችን ላይ ቁጭ ትላለች። ክቡርነትዎ በዚያ ሲያልፉ ሰላምታ እንደሚሰጧት ነግራኛለች። ሰላምታዎን ያቆዩት፤ ባጁን ይስጧት።

ስለሆነም በቅዳሜው ስብሰባ ባጇ፣ የድጋፍ ደብዳቤዋና የታለፉባት አራት ተራዎች እንዲመለሱላት በትሕትና እጠይቃለሁ። ይቅርታ እንድትጠይቅ ከፈለጉም ትጠይቃለች፤ ለየትኛው ጉንፋን እንደሆነ ብቻ ይግለጹላት።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለላጲስዎ ዕረፍት እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ወለተ ሐና ሸጋው
የመስከረሟ “ልጄ”፣ የመጋቢቷ “ያቺ ባለጌ”

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት በሙሉ
ማንበብ ለሚችል መንገደኛ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህ ደብዳቤ ሲጻፍ ሰባት ቅሬታ ነበረው። እህቴ ከመለጠፉ በፊት አንብባው፣ “ተይ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸው ያነቡታል” ብላ ሦስቱን አስወጣችኝ። ታላቅን ተዳፈረች የተባለችው እንግዲህ ይህቺ ናት። እኔ ግን ሦስቱን አልቀደድኳቸውም። ከዚህ ወረቀት ሥር በሩ ላይ የተውኩትን ባዶ ቦታ ይመልከቱ፤ ልክ ይበቃቸዋል። እስከ ቅዳሜ ባዶ ነው።