አንድ ሚስማር የት ይመታ?

ለክቡር የዩኒቨርሲቲያችን ሬክተር፣ ለአቶ ሌናርት ግሬንቫል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ይህ አላባራ ያለው የግንቦት ዝናብ ወገብዎን እንዳልያዘዎ፣ «ትውፊትና ፈጠራ» በሚል ርዕስ ንግግር ሊያደርጉ ወደ ውጭ የተጓዙበት አውሮፕላንም በሰላም እንዳሳረፈዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰኞ ሲመለሱ ቢሮዎ ውስጥ የሚጠብቅዎ ነገር ድንገተኛ እንዳይሆንብዎ ብዬ ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ አሳቢነት ይቁጠሩልኝ።

አንቱ ማለቴ እንደሚከነክንዎ አውቃለሁ። በአገራችን በስዊድን አንቱታ ከተረሳ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ሻጩንም፣ ሐኪሙንም፣ ሚኒስትሩንም «አንተ» ነው የምንለው፤ እርስዎም በተሾሙ ዕለት «ሌናርት በሉኝ፣ ያው ሌናርት ነኝ» ብለው አስጨብጭበውናል። ስዊድናዊ ሰውን አንቱ ካለ ወይ በጣም አርጅቷል፣ ወይ በጣም ተቀይሟል። እኔ ሁለቱንም አሟላለሁ።

ስሜ ጉንቮር አልስትራንድ ነው። በስካንዲናቪያና በባልቲክ ቋንቋዎች፣ ሥነ ጽሑፍና ባህል ትምህርት ክፍል የሊትዌኒያን ቋንቋ አስተምራለሁ፤ በክቡርነትዎ ውሳኔ መሠረት የማስተምረው እስከ ሰኔ መጨረሻ ብቻ ነው። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እየለየሁ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ከተደባለቁብዎ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አንደኛ፦ ስለ መዘጋታችን። የባልቲኩ ትምህርት እንዲዘጋ፣ የስካንዲናቪያው ደግሞ ከኮሙኒኬሽን ጋር እንዲዋሃድ መወሰንዎን ያወቅነው ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ፣ አዲሱን የብስክሌት ማቆሚያ ከሚያበስረው ዜና ሥር ነው። ስለ ብስክሌት ማቆሚያው እናመሰግናለን። ውሳኔው ከወጣ በኋላም የውይይት መድረክ ጠርተው፣ ትኩስ የቀረፋ ዳቦ አብልተውን፣ ለእያንዳንዳችን ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት አድለው፣ ስሜታችንን ጽፈን ግድግዳ ላይ እንድንለጥፍ ጋብዘውናል። «በጠረጴዛችን ዙሪያ ለሁሉም ቦታ አለ» ያሉትም ያን ዕለት ነበር። ወረቀቶቹ ማምሻውን ረግፈው ከዳቦው ፍርፋሪ ጋር ተጠርገዋል አሉ። ቋንቋቸውን የምናስተምርላቸው ጎረቤቶቻችን ባሕሩን ተሻግረው፣ በመርከብ የአንድ ሌሊት መንገድ ላይ ይኖራሉ፤ ባሕሩንም ለመዝጋት ካሰቡ ለዓሣ አጥማጆቹ ቀደም ብሎ ቢነገራቸው መልካም ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ቲራ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንዲሉ፣ የቀረችኝ የዶክትሬት ተማሪ አንዲት ናት፤ ቲራ ኔስሉንድ ትባላለች። ከሰሜን፣ ከመጋዝ ፋብሪካ ከተማ መጥታ፣ ቋንቋውን ከፊደሉ ጀምራ ተምራ፣ ስድስት ዓመት በሊትዌኒያ መንደሮች እየዞረች የንብ አርቢዎችን ወግ ሰብስባለች። በዚያ አገር አነጋገር ከብት ይበክታል፤ ሰውና ንብ ግን ያርፋሉ። ንብ በገንዘብ አይሸጥም፤ መንጋ ያካፈለህ ሰው ወዳጅህ ይሆናል። የንቦቹ ባለቤት ሲሞት ደግሞ ከቤተሰቡ አንዱ ወጥቶ ቀፎውን በጣቱ እያንኳኳ «ጌታችሁ አርፏል፤ እናንተ ግን ጥላችሁን አትሂዱ» ብሎ ይነግራቸዋል። ለንብ እንኳ ተንኳኩቶ ይነገራል፤ ለእኛ የነገረን ድረ ገጹ ነው። ቲራ ጥናቷን የምትከላከለው ከበጋው በዓል በፊት ባለው ዓርብ ነው። ከቪልኒየስ የምትሞግታት ፕሮፌሰር ትመጣለች፤ ቭላዳስ የሚባሉ ሽማግሌ ንብ አርቢም «ሴትዮዋ ጠይቃሽ መልስ ቢጠፋሽ ዞር ብለሽ እይኝ፤ እኔ እመልስላታለሁ» ብለው የመርከብ ቲኬት ቆርጠዋል። ያ ዓርብ ካለፈ ሌላ ዓርብ የላትም። በሰኔ መጨረሻ ትምህርቱ ከዩኒቨርሲቲው ሲሰረዝ፣ በእሱ ማዕረግ የሚሰጥ አካል አይኖርምና ስድስት ዓመቷ ባዶ እጇን ያስቀራታል።

ሦስተኛ፦ ስለ ሚስማር። እርስዎም በደንብ እንደሚያውቁት፣ በአገራችን የዶክትሬት ጥናት ከመከላከያው ቀን ሦስት ሳምንት አስቀድሞ በአደባባይ በሚስማር ይቸነከራል፤ የወደደ ሁሉ ያነበዋል፣ ያልወደደም መጥቶ ይሞግተዋል። ያልተቸነከረ ጥናት ለመከላከያ አይቀርብም። ለዚሁ ሥራ የተመደበው የኦክ እንጨት ሰሌዳ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ በዋናው ሕንፃ መግቢያ ላይ ነበር። ባለፈው ሰኞ ቲራ ማዕዘኑን የበሳችውን መጽሐፏን ታቅፋ፣ እኔ የትምህርት ክፍላችንን መዶሻ ይዤ ስንደርስ ግን፣ ያማረ ዕድሳት በተደረገለት ግድግዳ ላይ ያገኘነው ትልቅ ስክሪን ነው። የዕለቱ ምሳ የተጠበሰ ዓሣ ከድንች ጋር መሆኑን ስላሳወቀን እናመሰግናለን።

አራተኛ፦ ስለ ሕንፃ አስተዳደር ኃላፊው ስለ ስታፋን ትሕትና። ማክሰኞ ቢሮው ሄደን «ታዲያ የት እንምታው?» ብንለው፣ ወንበር ስቦ አስቀምጦን እንዲህ አለ፦ «ይቅርታ ጉንቮር፣ ግድግዳው እኮ አዲስ ነው። ቀዳዳ ማለት ጉዳት ነው፤ ጉዳት ደግሞ የአደጋ ግምገማ ይፈልጋል። ኮሚቴው መስከረም ላይ ይሰበሰባል።» ቲራ «ደጅ ያለው ዛፍ ላይስ?» ስትለው «እሱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከእኔ ይብሳሉ» አላት። አሮጌው ሰሌዳ የት ገባ ስለው «በዘላቂነት ጥቅም ላይ ውሏል» አለኝ፤ የት ስለው «በፖሊሲው መሠረት» አለኝ። በመጨረሻም አዝኖልን «ለምን ስክሪኑ ላይ አልጭንላችሁም? ከምሳው ቀጥሎ፣ ከአየር ሁኔታው በፊት ይወጣል» ብሎ ለገሰን። የስድስት ዓመት ድካም ከድንችና ከዝናብ መካከል ቦታ ተሰጠው።

አምስተኛ፦ ስለ ሬጅስትራሩ ስለ ኡርባን ጥንቃቄ። ረቡዕ ቢሮው ስንገባ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም የተራ ቁጥር እንድንወስድ አደረገን፤ ቁጥራችን እስኪጠራም ቆመን ጠበቅን። ነገሩን ካስረዳነው በኋላ መነጽሩን አውልቆ «ስክሪን ሚስማር አይደለም» አለ። «ደንቡ 'በዩኒቨርሲቲው የመቸንከሪያ ሰሌዳ ላይ' ነው የሚለው። ሰሌዳው ላይ ከመታችሁ መጥቼ አያለሁ፣ ማኅተሜን አሳርፋለሁ። ሰሌዳ ከሌለ ግን እኔ ምን ላድርግ? እስከ ዓርብ ቢሮ መዝጊያ ድረስ ነው።» እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ አንዱ ቢሮዎ ሰሌዳውን ነቅሎ ሲወስድ ሌላው ቢሮዎ ያንኑ ሰሌዳ ካላመጣችሁ አለን። ሁለቱም በሥራቸው እንከን የለባቸውም። ቲራ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ «ለቭላዳስ ደውዬ ምን ልበለው? ጣውላ ጠፍቶ ነው ልበለው?» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲያ የምናደድ አይመስለኝም ነበር።

ስድስተኛ፦ ስለ ኬኩ። ሐሙስ ዕለት፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሄድዎ በፊት፣ የስንብት ግብዣ አድርገውልኛል። አረንጓዴው ኬክ ግሩም ነበር። የታደሰውን የስብሰባ ክፍልዎን እያስጎበኙኝ በአዲሱ ጠረጴዛ ላይ እጅዎን አሳርፈው «ጣውላው ከድሮው መግቢያ የተረፈ ነው፤ ዲዛይነሩ ቀዳዳዎቹን ሆን ብሎ ነው የተዋቸው። ታሪክ ይናገራሉ፣ አይደል?» አሉኝ። እኔም ሳህኔን ሳስቀምጥ ጣቴ አንድ ነገር ነካ፤ ተጣሞ ተሰብሮ እንጨቱ ውስጥ የቀረ ሚስማር ነበር፤ በላዩ ቫርኒሽ ተቀብቶበታል። ያን ሚስማር አውቀዋለሁ። ሹካዬ የወደቀች መስዬ ጎንበስ ስል፣ ከጠረጴዛው ሥር የናስ ምልክት እንደተመታ አለ፤ «የዩኒቨርሲቲው የመቸንከሪያ ሰሌዳ» ይላል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ተነሣሁና ሁለተኛ ቁራሽ ኬክ ጠየቅሁዎ። እርስዎም ቆርሰው ሰጡኝ።

ሰባተኛ ቅሬታ የለኝም። ከዚህ በታች ያለው እንደ ሪፖርት ይያዝልኝ።

ዓርብ፣ ሰው ሁሉ ምሳ በወጣበት ሰዓት፣ ቲራና እኔ ወደ ቢሮዎ መጣን። ጸሐፊዎ ማይ-ብሪት መጀመሪያ መዶሻውን፣ ቀጥላም ፊቴን አየች። «ውይ ጉንቮር፣ እንዳትነግሪኝ» አለች፤ «ካልነገርሽኝ አላውቅም። እኔ እንግዲህ ሾርባዬ ሳይቀዘቅዝብኝ ልሂድ፤ በሩ ደግሞ ሰሞኑን አልቆለፍ ብሎኛል።» እባክዎ አይቆጧት፤ በሩን ሰኞ ለስታፋን አስመርምሩት።

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስተኛነው። እኔ ያዝኩላት። ቲራ መዶሻውን አንሥታ ቆመች። «ጉንቮር፣ ቢያባርሩኝስ?» አለችኝ። «ካልመታሽው ማን ያስገባሻል ብለሽ ነው? ምቺ!» አልኳት። መታች። ያ ኦክ ድምፁን አልረሳም፤ ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል። ኡርባን ሳንጠራው ከሁለት ፎቅ በታች ሮጦ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ያለቀልን መሰለኝ፤ ቲራም መዶሻውን ከኋላዋ ደበቀች። እሱ ግን የኮቱን ጫፍ ሰብስቦ ተንበረከከ፤ ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ የናሱን ምልክት አነበበ፤ ወጥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ሰሌዳው ያው ነው» አለ። «ደንቡ ይቁም ነው የሚለው፣ ይተኛ? ስለ መቆምና ስለ መተኛት ምንም አይልም።» ከዚያም ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ መታ። የሁለት ቀን መከራችን የነበረውን ጥንቃቄውን ለማመስገን ቃል አጥሮኛል፤ ቲራ ግን አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ «ተይ እንጂ፣ ማኅተሙ አልደረቀም» ይላታል።

እንግዲህ በደንቡ መሠረት ጥናቱ እስከ መከላከያው ቀን ከተቸነከረበት አይነሣም፤ ሊያነብ የመጣ ሰውም አይከለከልም። ስለዚህ የስብሰባ ክፍልዎ በር ለከተማው ሕዝብ ክፍት ይሆናል ማለት ነው።

ሌናርት፣ አሁን አንቱታው ይብቃኝና እንደ ድሮው አንተ ልበልህ። ያ የተጣመመ ሚስማር የማን እንደሆነ ታውቃለህ። የአንተ ነው። አይስላንድኛ ታጠና በነበረበት ጊዜ፣ በዚሁ አሁን በዘጋኸው ትምህርት ክፍል፣ እኔ መጽሐፍህን ደግፌልህ አንተ ስትመታ ሚስማሩን ስተህ አውራ ጣቴን አገኘኸው። እኔ ስጮህ፣ አንተ «አመመሽ? በጣም አመመሽ?» ስትል፣ ሚስማሩ ተጣሞ እዚያው ተሰበረ። ጥፍሬ ጠቁሮ ከረመ። ያኔ ግድግዳው አዲስ ነው ያለህ፣ ኮሚቴው መስከረም ላይ ነው ያለህ ሰው አልነበረም። ሬክተር ያሰኘህ ማዕረግ የተንጠለጠለው እዚያ ስባሪ ላይ ነው። ሰኞ ስትገባ መጀመሪያ የምታስጠራው የሚስማር መንቀያ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ አልዋሽህም፣ ከልቤ እፈራለሁ። ክፍላችንን ዘጋኸው፤ ላስቆምህ አልቻልኩም። እኔንም በኬክ ሸኘኸኝ፤ ይሁን። ይህችን ልጅ ግን ሦስት ሳምንት ብቻ ተዋት። አትንቀለው።

ወደ ሥርዓቱ እመለሳለሁ። ለብስክሌት ማቆሚያው፣ ለቀረፋ ዳቦው፣ ለቢጫ ወረቀቱና ለሁለቱ ቁራሽ ኬክ ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እየገለጽሁ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ጤናማ ወገብና እንግዳ የማይሰለቸው ልብ እመኝልዎታለሁ።

እስከ ሰኔ መጨረሻ ታዛዥዎ የሆንኩት፣
ጉንቮር አልስትራንድ
የትምህርት ክፍሉ የመጨረሻ መምህርት፣ የመዶሻውም ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ እንዳለዎ ማይ-ብሪት ነግራኛለች። ሲኒዎቹን ከመጽሐፉ በስተግራ መደርደር ይቻላል፤ በስተቀኝ ያለው ቦታ ለአንባቢ ክርን ይተዋል። በጠረጴዛዎ ዙሪያ ለሁሉም ቦታ አለ ብለውን ነበር፤ ዙሪያውን ለእርስዎ ትተንልዎታል፣ እኛ መሐሉ ይበቃናል።