ወላሂ ያልኩበት ወረቀት

ጥር 5፣ ሰኞ
ውሃ መጣ። ሁለቱንም በርሜል ሞላሁ፣ ልብስ አጠብኩ። ሌላ ምንም የለም።
አለ እንጂ... አራት ዓመት ወረቀት ደብቄያለሁ። የባለቤቴ የሳፊያ አባት ያጻፉት ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ወለተ ማርያም ቤተሰብ በግቢያችን ጫፍ ወደ አስፋልቱ እንዲያልፍ ፈቅደዋል። የሳፊያ አባትና የእትዬ አባት አሻራ አለበት። በመንገዱ ስንካሰስ ሽማግሌዎቹ «ወረቀት ያለው ያውጣ» አሉ። «ወላሂ የለኝም» አልኩ። ሳጥኔ ውስጥ ተቀምጦ!
ታረቅን። መንገዱ ይዘጋ፣ እሳቸው በዳገቱ ይዙሩ ተባለ። ፍርድ ቤቱም እርቁን መዘገበው። ሁለት በግ ታረደ፣ አንዱ ለእስላሙ፣ አንዱ ለክርስቲያኑ።
ለታመመችው ሳፊያ እዚያ መንገዱ ላይ ክፍል ልሠራላት ነበር። ክፍሉ ሳይሠራ ሞተች። መንገዱን የዘጋሁበት ግንብ ብቻ ቀረ።

ጥር 7፣ ረቡዕ
እትዬ ወለተ ማርያምን ዳገቱ ላይ አየኋቸው። ሦስት ጊዜ አረፉ።
«እንዴት አደሩ እትዬ?»
«እግዜር ይመስገን። እግሬ ግን አኩርፎኛል። ዘንድሮ አስተርዮ ማርያምን ከቤቴ ሆኜ ነው የማከብራት።»
ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀጠሉ።

ጥር 8፣ ሐሙስ
ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴ ያለ ጠበቃ ያውቀኛል ብዬ... ማን ሊያውቀኝ? ጠበቃዋ ሊድያ ትባላለች፣ ልጅ እግር ናት። የጓደኛዬ ጉዳይ ነው አልኳት።
«ፍርድ ቤት የመዘገበው እርቅ እንደ ፍርድ ነው፣ አባባ። ቅር አለኝ ተብሎ አይፈርስም።»
«ወረቀት ተደብቆ ቢሆንስ?»
«እሱማ ማታለል ነው። የተታለለው ሰው ማመልከት ይችላል። ጓደኛዎ ግን የራሱን ውሸት ይዞ እርቁ ይፍረስልኝ ማለት አይችልም። ሁለቱ ከተስማሙ ደግሞ አዲስ እርቅ ይጽፋሉ።»
ታዲያ እሳቸው ሳያውቁ በምን ያመልክቱ? እርቁ አለ ወይስ የለም? እኔ ዝም ስል ጸንቶ ስናገር የሚናጋ ነገር ምን ይባላል? አልገባኝም።
ስወጣ «ጓደኛዎን ሰላም ይበሉልኝ» አለችኝ። እየሳቀች።

ጥር 9፣ ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ ሸህ ሙንዚርን ያዝኩ። ያኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።
«ተውበት አድርግ፣ ከልብህ ተጸጸት። ለመሐላው አሥር ሚስኪን አብላ፤ አቅም ካጣህ ሦስት ቀን ጹም።»
«ግንቡስ?»
«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ዳገቱን የምወጣው እኔ ነኝ?»

ጥር 12፣ ሰኞ
ሦስተኛው ጾም። አላህ ይቀበል።
ሳፊያ አልጋ ላይ ሆና «የአባቴ ወረቀት የት ገባ?» ብላኝ ነበር። ጠፋ አልኳት። እሷንም...

ጥር 17፣ ቅዳሜ
እትዬ ቤት ሄድኩ። ወረቀቱን እጃቸው ላይ አኖርኩት። ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው። የአባታቸውን አሻራ ሳሳያቸው በጣታቸው ዳበሱት።
«አራት ዓመት፣ ዘይኑ? ዓይኔን እያየህ እንዴት አደሩ ስትለኝ?»
ወረቀቱን አጥፈው ያዙት።
«እና እርቁ ፈረሰ ማለት ነው?»
«እኔም አላውቅም እትዬ። መክሰስ ይችላሉ አሉ።»
«በዚህ ጉልበቴ? የበላሁትን በግ ግን አልመልስም፣ እወቀው።»
ልስቅ ነበር። እሳቸው አልሳቁም። «ሂድልኝ አሁን» አሉኝ።

ጥር 19፣ ሰኞ
እትዬ ትናንት አስጠሩኝ። «አልከስህም። ግን በጽሑፍ ይሁን። ያንተን ወላሂ ከእንግዲህ አላምንም።»
ዛሬ ጻፍን። መንገዱ ይከፈት ይላል። እኔ ፈረምኩ፣ እሳቸው አሻራ አሳረፉ፣ ሸህ ሙንዚር መሰከሩ። ፍርድ ቤት አስገባነው፤ ለየካቲት 3 ቀጠሩን። መዝገብ ቤት ያለው ልጅ «እስኪታይ የቀድሞው እርቅ የጸና ነው» አለን።
እና እስከዚያ ግንቡን ብነካ ፍርድ ጣስኩ? በገዛ ግቢዬ? አስተርዮ ማርያም ከነገ ወዲያ ናት።

ጥር 21፣ ረቡዕ
ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ መዶሻ ይዤ ወጣሁ። ሰው የሚያሳልፍ ያህል ከፈትኩ። ብሎኬቱን ወደ ጎን ደረደርኩ፣ ለምርኩዛቸው እንዲመች መሬቱን ደለደልኩ።
በሁለት ሰዓት እትዬ ወለተ ማርያም ነጠላቸውን ተከናንበው በዚያ አለፉ። አላናገሩኝም።
ፍርድ ቤቱ ምን እንደሚል አላውቅም። ግንቡን አፍርሻለሁ።