«ስንት ወለድሽ? ስንቱን ቀበርሽ?» ብለው የጠየቁት የመምህርት አሳየሽ ሶርሳ የሕይወት ታሪክ

መምህርት አሳየሽ ሶርሳ ከአባታቸው ከአቶ ሶርሳ ዳና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስናቀች አንጁሎ በ1964 ዓ.ም. በዳሞት ሶሬ ወረዳ ጉኑኖ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ጎደሬና ዝንጅብል የሚያለሙ ገበሬ ነበሩ። «ሴት ልጅ ተምራ የት ልትደርስ?» ለሚሏቸው ጎረቤቶች «እኔ የማላውቀውን እሷ ታውቅልኝ» ብለው ልጃቸውን ትምህርት ቤት ላኩ።

መምህርት አሳየሽ አንደኛ ደረጃን በጉኑኖ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአረካና በሶዶ ተምረው፣ በ1986 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያም ወደ ሶዶ ተመልሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው መምህራንን አስተማሩ።

በ1991 ዓ.ም. ከአቶ ጌታነህ ሎምባሞ ጋር ትዳር መሥርተው ማኅሌትንና በእምነትን ወለዱ። በእምነት ሦስት ዓመት ሲሞላው አንደበቱ አልተፈታም፤ ሲጠሩትም ዞር አይልም ነበር። ያኔ ምክሩ እንደ ጉድ ጎረፈ። አንዱ እርግማን ነው አለ። ሌላው የእናትየው ትምህርት ያመጣው ጣጣ ነው አለ። ከቤተ ዘመድ ሳይቀር «እንግዳ ሲመጣ ልጁን ወደ ጓዳ አስገቢው» ያሉ ነበሩ። ይህን ያላችሁ ዛሬም እዚህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችኋል፤ ስማችሁን ያልጠራነው ለቀብሩ ክብር ስንል ብቻ ነው። እሳቸው ግን ልጃቸውን ጓዳ አላስገቡም። ቅዳሜ ቅዳሜ እጁን ይዘው ገበያ ይወጡ ነበር። ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋ በእምነት ይጮሃል፣ ሰው ይገላምጣቸዋል፤ እሳቸውም መልሰው ይገላምጣሉ።

በ2010 ዓ.ም. የሕፃናትን የአእምሮ እድገትና ጠባይ ለማጥናት ተማሪዎቻቸውን በየቀበሌው አሰማሩ። ተማሪዎቹ «ስንት ልጅ አለሽ?» ብለው ሲጠይቁ እናት «ሦስት» ትላለች፤ ከጓዳ ደግሞ የአራተኛው ድምፅ ይሰማል። ተማሪው ያንን እየሰማ «ሦስት» ብሎ ጽፎ ይመጣል። ጉድ እኮ ነው! መምህርት አሳየሽ ተቆጥተው ጥያቄውን ለወጡት። «ስንት ወለድሽ? ስንቱን ቀበርሽ?» ብላችሁ ጠይቁ አሏቸው። እናት የቀበረችውን አትረሳም፤ በሕይወት ያለውንም ቀበርኩት ብላ አታሟርትም። ከወለደችው የቀበረችው ተቀንሶ ቤት ከሚታዩት ጋር ሲተያይ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚደበቀው ልጅ እየተገኘ መጣ። ከሃላሌ እስከ አረካ እናቶች እያለቀሱ የጓዳቸውን በር ከፈቱላቸው።

በ2016 ዓ.ም. በሶዶ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ በሕፃናት አእምሮና ጠባይ ላይ ለሚቀጥሉት ዓመታት ቅድሚያ ተሰጥቶት የሚጠናው ምን እንደሆነ ለመወሰን ስብሰባ ተጠራ። ከየአቅጣጫው ባለሙያ ተጋበዘ፤ አንዲትም እናት ግን አልተጠራችም። መምህርት አሳየሽ ያቀረቡት ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ የተደበቁትን ልጆች በገዛ ቋንቋቸው በወላይትኛ እንዴት እናስተምራቸው? እናታቸውንስ ማን ያግዛት? መጀመሪያ ይህ ይጠና አሉ። የተሰጣቸው መልስ አንጀት የሚያቃጥል ነው። «ችግሩ በዞናችን ብዙም አይታይም» ተባሉ። እንዴት ይታያል? ከዚያ ተሰብሳቢ መሃል ልጁን ጓዳ ቆልፎ የመጣ ነበር! ይህን እየተነጋገሩ ሳለ፣ መምህርት አሳየሽ ራሳቸው የጠሯት አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከሃላሌ መጣች። ልጁ ስለጮኸ «ስብሰባ ይረብሻል» ተብላ ከበር ተመለሰች። እጅ ወጥቶ ድምፅ ሲቆጠር የእሳቸው ጥያቄ ከሁሉም መጨረሻ ሆነ። መምህርት አሳየሽ ተነሥተው «ማየት የማትፈልጉትን ልጅ የለም አትበሉ!» ብለው እናቲቱን ተከትለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ደጋግመው ቢያመለክቱም ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አላቸው።

ባደረባቸው የጡት ካንሰር በሀገር ውስጥ ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው አርፈዋል። ሕመሙ ከጸናባቸው በኋላ እንኳ የሚያንገበግባቸው የሕመማቸው ሳይሆን የልጆቹ ነገር ነበር። ለቤተሰባቸው የተናዘዙትም አንድ ነገር ነው። በቀብራቸው ዕለት እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡ፣ ከፊት እንዲቀመጡ፣ ማንም ዝም በሉ እንዳይላቸው።

በሕይወት ሳሉ በራችሁን የዘጋችሁባቸው፣ ዛሬ የአበባ ጉንጉን ይዛችሁ ስለመጣችሁ ቤተሰቡ አመሰግናለሁ አይልም። አበባችሁን መልሱና የጥያቄያቸውን መልስ አምጡ።

መምህርት አሳየሽን ባለቤታቸው አቶ ጌታነህ፣ ልጆቻቸው ማኅሌትና በእምነት፣ እንዲሁም ወንድምና እህቶቻቸው ከልብ አዝነው ይሸኟቸዋል። የሕፃናት ወዳጅ የሆነው ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያኑር፤ ለእኛም የሚያይ ዓይን ይስጠን።

ይህ ሲነበብ ከፊት ረድፍ የሚሰማው ጩኸት ረብሻ አይደለም፤ ከጓዳ የወጡት የሟች ልጆች እያለቀሱ ነው። ልጆቹን አስወጡ የሚል ካለ፣ በሩ ያው፤ እሱ ይውጣ።