ከተካልኝ በላይ ማን አለ?

ጥቅምት 7
መገናኛ ላይ የገርጂ ታክሲ ጠፍቶ እግሬ እስኪዝል ቆምኩ። ሽንኩርት ደግሞ ጨምሯል። ቤት ስገባ ሀይሚ ሳላዛት ወለሉን ወልውላ፣ ወጥ ሠርታ ጠበቀችኝ። ልጄን አውቃታለሁ። እንዲህ ስትሆን አንድ ነገር አለ። ምን ልትለኝ ነው?

ጥቅምት 9
ያሰብኩት አልቀረም። ሰው አለ። አብኔዘር ይባላል፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ፋርማሲስት ነው። ሽማግሌ ሊልክ ነው አለችኝ። ፎቶውን በስልኳ አሳየችኝ። አጉልቼ አየሁት።
«ጠቆር ይላል» አልኩ።
«እና?»
«እና ምንም። ጠቆር ይላል ነው ያልኩት።»
ስልኳን ነጠቀችኝ። ምን አልኳት አሁን? ያዩትን መናገርም ነውር ሆነ?

ጥቅምት 16
ለምሳ መጣ። ሥርዓት አለው፣ አልክድም። ብድግ ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የጨበጠኝ። ግን ትሕትና ሲበዛም አልወድም… ምን ሊደብቅበት ነው?
«ዘመዶችህ የየት አገር ሰዎች ናቸው?» አልኩት።
«ጉርድ ሾላ ነው ያደግነው፣ እትዬ። አባቴም እዚያው ነው የተወለደው።»
«ከዚያ በፊትስ?»
«ከዚያ በፊት ያለውን ብዙም አያወሩልንም።»
ሀይሚ ውሃ ስትቀዳልኝ ብርጭቆው እስኪፈስ ሞላችው። የአያቱን አገር የማያውቅ ሰው አለ? ወይስ ሲጠየቅ ብቻ ነው የማያውቀው? ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

ጥቅምት 21
አዲሱ የቢሮ ኃላፊ ስሜን ከነአባቴ አነበበና «የየት አካባቢ ሰው ነሽ?» አለኝ። ለሥራው ምን ይጠቅመዋል? ነገርኩት። «እህ…» ብሎ ተወው። ያቺ «እህ» ቀኑን ሙሉ ስታንገበግበኝ ዋለች። ሰው በአገሩ ይመዘናል እንዴ? ማታ ለሀይሚ አወራኋት። ሰምታኝ ሰምታኝ፣ «ያቃጥላል፣ አይደል?» አለችና ክፍሏ ገባች። ምን ማለቷ ነው?

ጥቅምት 23
ወንድሜን መኩሪያን ጠራሁት። ቤተሰቡ ውስጥ ዘር ቆጣሪው እሱ ነው። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም፤ ተጋቢዎቹ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ ነው ይባላል። ይባላል… እዚህ ማንም ስለማያነበው ልጻፈው። ዝምድናውን ብቻ አይደለም የምናጣራው። አጥንቱንም ነው።
«ዘር ከልጓም ይስባል» አለኝ መኩሪያ። «ጉርድ ሾላ የማውቃቸው ሰዎች አሉ። እኔ አጠያይቃለሁ።»
ለሀይሚ አልነገርኳትም።

ኅዳር 2
መኩሪያ ደወለ። ምንም መጥፎ ነገር አልሰማም። ሁሉም ደግ ሰዎች ናቸው ነው የሚለው። ሁሉም? ይሄ ራሱ ያጠራጥራል።

ኅዳር 14፣ እሑድ
ሽማግሌዎቹ መጡ። ነገ ጾም ስለሚገባ ዶሮውም ጥብሱም ተሠርቷል። የሚመሯቸው አቶ ገመዳ የሚባሉ የአብኔዘር ጎረቤት ናቸው። ተቀመጡ ብንላቸው፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው በቆሙበት ልጅቷን ጠየቁ። ደስ የሚል አነጋገር አላቸው።
መኩሪያ የኛን ሰባት ቤት አንድ ባንድ ጠራ። ውሃ ነው። ቀጥሎ የእነሱ ተራ ሆነ። አቶ ገመዳ አባቱን ጠሩ፣ አያቱን ጠሩ፣ ቅድመ አያቱ ተካልኝ ላይ ደርሰው ቆሙ።
«ከተካልኝ በላይስ?» አለ መኩሪያ።
«ከዚያ በላይ የለም።»
«እንዴት አይኖርም? ሰው ከሰማይ አይወርድ!»
«በልጅነታቸው ተሸጠው ነው የመጡት፣ ጋሼ። ተካልኝ ያሏቸውም የገዟቸው ሰውዬ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም እሳቸው ራሳቸው አያስታውሱትም ነበር። አልዋሽም፤ እዚህ ቤት ውሸት ይዤ አልገባም።»
ሁሉም አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ። መኩሪያ «ተመካክረን እናሳውቃለን» አላቸው። ምግቡን ሳይነኩ ወጡ።
በሩ እንደተዘጋ መኩሪያ «ነገሩ ይኸው! የባርያ ዘር ነው» አለ። ሀይሚ ትሪ ይዛ ከኋላው ቆማ ነበር።

ኅዳር 15
ሀይሚ ሌሊቱን አልተኛችም ብል ይሻላል። ጠዋት ዓይኗ አብጦ መጣች።
«አጥንቱ ጎደለ ትላላችሁ። ማነው ያጎደለው?»
«እኔ አልሸጥኩት፣ ሀይሚዬ።»
«የገዛቸው ሰውዬ ከምትቆጥሯቸው ሰባቱ አንዱ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?»
«አፍሽን!» አልኳት።

ኅዳር 18
ነገሩ አላስተኛኝም። መኩሪያን በስልክ፣ የኛን ሰባት ቤት ቀስ ብለህ ቁጠርልኝ አልኩት። ስድስተኛው ላይ ስሙ ተለየ። እሑድ ሌላ ነበር ያለው። ነገርኩት። ተቆጣ።
«ታዲያ አሁን ማን ያጣራል?» አለኝ።
እሱ እውነቱን ነው። እኛን ማን አጣርቶን ያውቃል? እንዲህ እየቀያየረ የቆጠረው ስንት ሰርግ ላይ ይሆን? የምተማመንበት ነገር ሁሉ ከእሱ አፍ የወጣ ነበር…

ኅዳር 23
መኩሪያ «አይሆንም» የሚለውን ላከባቸው። ቀድሞ ጠይቆኝ ነበር። ዝም አልኩት፣ ዝምታዬን እሺታ አደረገው። እሺታ ነበር? ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። የትኛው ሰው? አንድም ፊት አልመጣልኝም።

ታኅሣሥ 4
ሀይሚ ልብሷን ይዛ ሄደች። ጓደኛዬ ጋ ነኝ አለች። አላመንኳትም። ደግሞ አላገድኳትም።

ጥር 12
ጎረቤቴ ሀጀር ደረጃው ላይ ያዘችኝ። «እንኳን ደስ አለሽ! ልጅሽ በማዘጋጃ ቤት አገባች አሉ።»
«አዎ፣ አውቃለሁ» አልኳት። ፊቴን አጥንታ አየችኝ። ልታረጋግጥ ነበር የነገረችኝ? ቤቴ ገብቼ በሩን ቆለፍኩና አለቀስኩ። አንድ ልጄን ድሬ ሳላያት!

የካቲት 1
ጉርድ ሾላ ሄድኩ። አድራሻውን ከአቶ ገመዳ ነው ያገኘሁት። ይመልሱኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ምንም ሳይጠይቁኝ እስከ ፎቁ ሥር ድረስ ሸኙኝ።
ሀይሚ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። አልሳመችኝም።
«ማን ላከሽ፣ እማ?»
«ማንም አልላከኝም።»
«ጋሼ መኩሪያ ታች ነው?»
«ብቻዬን ነኝ። ከተጣላን ቆየን።»
ከትከሻዬ ባሻገር ደረጃውን አየችው። ከዚያ እጄን፣ ቦርሳዬን፣ ፊቴን። ከውስጥ የአብኔዘር ድምፅ «ማነው?» አለ።
«ደሞ ምን ልታጣሪ ነው?» አለችኝ።
«ናፍቀሽኝ ነው የመጣሁት። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ሌላ ምንም የለኝም» አልኳት። እውነቴን ነበር።
በሩን አልዘጋችውም። ግን እጇን ከመዝጊያው ላይ አላነሳችም። አላመነችኝም።