አባባ ለምድር ቤቱ የገጠመው ፓምፕ

ውድ ወንድሜ አርቪድ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የአላስካው የኮዲያክ ባሕር ዘንድሮ ራራላችሁ ወይስ እንደ አምናው አሰቃያችሁ? ግሬታና ልጆቹስ ብርዱን እንዴት ቻሉት? እኛ አሁን ደኅና ነን። ሰሞኑን ግን አልነበርንም፤ በስልክ ያልነገርኩህም እማ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

አባባን ከቀበርን ወዲህ እማ የቅዳሜ ሳውናዋን አልተወችም። ብቻዋን ምድር ቤት ወርዳ ምድጃውን ታነዳለች፣ ትታጠባለች፣ እንደ አያቶቻችን ወግ የመጨረሻውን እንፋሎት ለሙታን ትታ ትወጣለች። ከገና በኋላ ግን እሷ ከወጣች፣ ማንም በሌለበት የብረት መታጠቢያ ገንዳው ፓምፕ በራሱ ይነሣ ጀመር። መብራቱም ያኔ ይደበዝዛል። የከተማው ፍሳሽ ቱቦ ከምድር ቤታችን ወለል በላይ ስለሆነ እጣቢውን ሽቅብ እንዲገፋ አባባ በገዛ እጁ የገጠመው ፓምፕ ነው፤ ታስታውሰዋለህ። «አባትሽ ታጥቦ ጨረሰ» ትለኛለች እማ፣ ሹራቧን እየሠራች።

መጀመሪያ ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ግን የገንዳውን ጠርዝ ስትይዝ አባባም እጇን እንደሚይዛት ነገረችኝ። «ይንቀጠቀጣል፣ እንደ መጨረሻው ዘመኑ» አለች። ወንድሜ፣ በባዶ እግሬ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ወርጄ የብረቱን ጠርዝ ነካሁት። እስከ ክርኔ ነዘረኝ። ከፍርሃቱ በፊት የመጣልኝ የአባባ እጅ ነበር፤ ከአንተ አልደብቅም።

አብሮህ የተማረው ዱዌን ስኮግሉንድ አሁን የታወቀ ኤሌክትሪሻን ነው። ልጠራው ነው ስላት እማ «ባሌ ሬይኖ የሠራውን የሚነካ ሰው ደጄን አይረግጥም» አለችኝ። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር በሄደችበት ቀን አስገባሁት። ዱዌን ሲወርድ እየቀለደ ነበር፤ ከገንዳው ሥር ያለውን ሽቦ ካየ በኋላ ግን ቀልዱን ተወ። ፓምፑ፣ የአጋዘን ሥጋ ያለበት ፍሪዘርና መብራቱ ሁሉ በአንድ ሽቦ ተንጠልጥለዋል። የድሮው ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ስላለው አባባ የስፒናውን ሦስተኛ እግር በፒንሳ ቆርጦታል። ኮረንቲ ሲያመልጥ ወደ መሬት የሚወስደው ያ እግር ነበር። የፓምፑ ሽቦ እርጥበት በልቶት ሲላጥ ኮረንቲው መሄጃ አጥቶ ብረቱ ላይ ቀረ።

«በዚህ መንገድ ላይ ያንን እግር ያልቆረጠ አባት ካገኘሽ ቡና በእኔ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማርሊስ፣ እናትሽ እስካሁን በሕይወት መኖሯ ተአምር ነው» አለ።

ፓምፑን በአዲስ ቀይሮ፣ ከብሬከሩ ሳጥን ጀምሮ ማንም የማይጋራው የራሱን መስመር ዘረጋለት፤ የመሬት ሽቦውንም አገናኘ፣ ጥቂት ኮረንቲ ቢያመልጥ ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከርም ገጠመ። መብራቱ የሚደበዝዘው ሞተሩ ሲነሣ ኮረንቲውን ስለሚሻማው ነው አለኝ። ፓምፑ በራሱ የሚነሣውም የተገፋው ውሃ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግደው ክዳን አርጅቶ ውሃው ወደ ገንዳው ስለሚመለስ ነው። ሁሉም መልስ አለው። ብቻዬን ስቀር ግን የምድር ቤቱ ዝምታ ከፓምፑ ድምፅ ይልቅ አስፈራኝ።

ቅዳሜ እማ ወርዳ ወዲያው ተመለሰች። ፀጉሯ አልረጠበም። ወንበር ላይ ተቀምጣ መዳፏን ታየው ጀመር።

«ለቀቀኝ» አለች።

እውነቱን ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «ታዲያ ያ ሁሉ ኮረንቲ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። በቀብሩ ዕለት ያላፈሰሰችውን እንባ ያኔ አፈሰሰችው፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ዳግመኛ ቢገጥመኝም ዱዌንን እጠራዋለሁ፤ ግን ከእጇ የነጠቅኳትን አውቃለሁ።

ግሬታን ሳምልኝ። ለትንሹ ኦስካር ጓንቱን በቅርቡ እልክለታለሁ፣ ኢንጋንም «አክስትሽን ናፍቀሻታል» በላት። ባለቤቴ ቨርን ሰላም ብሎሃል። እማንም ምን ልጻፍለት ብዬ ጠይቄያት ነበር። ሹራቧን አስቀምጣ፣ «አባትህ ሞቷል በይው» አለችኝ።

እህትህ ማርሊስ
ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ማርች 9 ቀን 1987