የሚቆራረጠው አምስት ቮልት

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ጠዋት ዝናብ። ለዓሣ ጫጩቶቹ መኖ በተንን። የገንዳው አየር መንፊያ ዛሬም ያንገራግራል… ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጮኻል። እኔ የሠራሁትን የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካስገባሁበት ወዲህ ነው።

የዓሣ አርቢ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ለሽምግልናው «ምዜ» የምንለው ኦጎላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፦ «የአሌጎ አገር ልጅ! ይሄን ጉድሽን እስከ ቅዳሜ ካላስተካከልሽ የኪሱሙ ከተማው ነጋዴ የራሱን ያስገባል። አንቺም ወደ ዓሣ ቅርፊት መፋቅሽ!»

ወደዚያ አልመለስም። ቢላዋውን እሱ ይያዘው።

ረቡዕ፣ ማርች 5
ለሞተሩ ፍጥነቱን የሚያዝዘውን ሽቦ በቮልት ሜትር ለካሁ። ሁለት ተኩል ቮልት፣ ንቅንቅ የማይል። የፈለግኩት ይኸው ነው! ታዲያ ሞተሩ ምን ሆነ? ፈታሁት፣ ገጠምኩት። ምንም።

ገንዳውን አብራኝ የምትጠብቀው አኬሎ ሳቀችብኝ። «ሜትርሽን አምነሽ ጆሮሽን ካድሽ?»

ሐሙስ፣ ማርች 6
የአኬሎ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። ትንሽዬ መብራት ከሽቦው ጋር አገናኘሁ፣ የመጋዘኑን በር ዘጋሁ፣ በጨለማው ወዘወዝኳት። የብርሃን መስመር ጠብቄ… ነጠብጣብ! ብልጭ ጥፍት፣ ብልጭ ጥፍት።

ለካ የኔ መቆጣጠሪያ ሁለት ተኩል አይሰጥም። አምስት ይሰጣል፣ ይነፍጋል፣ ይሰጣል፣ ይነፍጋል። ፍጥነቱ ዓይን ያታልላል። ሜትሩም አማካዩን ብቻ ነው የሚነግረኝ። ሞተሩ ግን በአማካይ አይሸነገልም፤ ወጥ ቮልት ይፈልጋል።

መሃል ላይ ፍሰቱን የሚገታ ሬዚስተርና ካፓሲተር ማስገባት ነው። ካፓሲተሩ ሲሰጡት ያጠራቅማል፣ ሲነፍጉት ያካፍላል። ከአሮጌ ሬዲዮ ትልቁን ነቅዬ ገጠምኩ። ትልቅ ይሻላል… አይደል?

ዓርብ፣ ማርች 7
አይደለም!

ድምፁ ለስልሶ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሰዓት ሰማዩ ከበደ፣ ገንዳው ውሃ ውስጥ ያለው አየር ቀነሰ። ፍጥነቱን ብጨምርም መንፊያው መፍጠን ሲገባው ይጎተታል። ካፓሲተሩ ትልቅ ስለሆነ እስኪሞላ ቮልቱ ከፍ አይልም። ጫጩቶቹ ውሃው ላይ አፋቸውን ከፈቱ። «አውዎር! ሊያልቁ ነው!» ብላ ስሜን ጠርታ ጮኸች አኬሎ። አየር እንዲገባበት ውሃውን በባልዲ እየቀዳን ከላይ አፈሰስነው፣ ክንዳችን እስኪዝል። ብዙዎቹ ተረፉ። የሞቱትን ስለቅም አለቀስኩ።

ነጋዴው የራሱን መቆጣጠሪያ በካርቶን ታቅፎ መጥቶ ኖሯል። «ነገ አይደል የምንገጥመው?» ይላል። ይጠብቃት ነገን! እንባዬን ጠርጌ አነስ ያለ ካፓሲተር በየድኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8
የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ከበውን ቆሙ። ፍጥነቱን ጨመርኩ፣ መንፊያው ወዲያው ታዘዘ። ቀነስኩ፣ ታዘዘ። ማንገራገር የለም። ነጋዴው ካርቶኑን ሳይፈታ ሄደ።

ምዜ ኦጎላ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ ይቆይ። ሰኞ ገንዳውን የሚያዩ እንግዶች ሲመጡ ግን ነጋዴው ነው የሠራው እንላለን። ለማኅበሩ ክብር ነው።»

«አይባልም፣ ምዜ።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ። ካፈሩበት አሁኑኑ ይንቀሉት። ከዚያ ጫጩቶቹን እርስዎ በባልዲ ያኑሯቸው።»

እጁን ወደ ሽቦው ሰደደ… ገንዳውን አየ… መለሰው። አኬሎ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች። እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም።

ከዓሣ አጥማጆቹ የጀልባ ቀለም ለመንኩ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ ጻፍኩበት፦ አውዎር ሠራችው። ቀይ ነው። በውሃ አይለቅም።