ስለ «ሰባቱ ኃያላን» ሦስተኛ ዙርና ስለ ጠፋው ሰሚ

ለተከበሩ ጓድ ኪዳነ ማርያም
የቀበሌያችን የፊልም ትርዒት ኮሚቴ ሊቀመንበር
ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 1978 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

የከተማችን ብርድ ለእርስዎ ሲሆን እንዲለዝብ፣ ጉሮሮዎ ለረጅም ንግግር እንዳይሰንፍ፣ እንቅልፍዎም እንደ እኔ እንቅልፍ እንዳይቆራረጥ ከልብ እየተመኘሁ በታላቅ አክብሮት ፊትዎ እቀርባለሁ። ወለተ ጊዮርጊስ እባላለሁ፤ በገበያው ዳር የብርድ ልብስ ጠርዝ እየሰፋሁ የምኖር ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ የሥዕል ፊልሙን ይተረጉምልን የነበረው የወልደተንሣኤ ታላቅ እህት ስሆን፣ ሁለት ሰዎች «ለአጭር ጥያቄ» ብለው ከአዳራሹ በር ከወሰዱት ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። ሆኖም ውድ ጊዜዎን በቤተሰብ ጉዳይ ላለመሻማት፣ ኮሚቴዎ «ሕዝቡ በፊልሙ ላይ ያለውን ሂስ በጽሑፍ ያቅርብ» ብሎ በለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት ስለ ፊልሙ ብቻ እጽፋለሁ።

አስቀድሜ ላመስግን። ይህን በሥዕል የሚንቀሳቀስ ተከታታይ ፊልም ከወዳጅ አገር ያስመጡልን እርስዎ ነዎት፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አብሮ አለመምጣቱም የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ወንድሜ በዚያ አገር ስምንት ወር የማሽን ጥገና ተምሮ ስለነበር የብሎንና የሾርባ ስም አሳምሮ ያውቃል፤ የቀረውን ከራሱ ጨመረበት። የጀግኖቹ ስም ለአፉ አልመች ቢለው በራሪውን ጭልፊት፣ ተራራ የሚገፋውን ግንቡ፣ ወንዝ በመዳፏ የምታቀዘቅዘውን ሴት ውርጭ አላቸው። ሰባተኛውን፣ ከገደል ማዶ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ የሚሰማውን ደግሞ ሰሚ ብሎ ጠራው። ባለፉት ሁለት ዙሮች ሁሉ ሰሚ ይሰማል፣ ስድስቱ ይሮጣሉ፣ ሰው ይድናል። እኛም ደስ ብሎን ወደየቤታችን እንሄድ ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዙር ልለፍ።

አንደኛ፣ ሰባቱ ስድስት ሆነው መጡ። ርእሱ ላይ ዛሬም «ሰባቱ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሰሚ ግን የለም። ወንበሩ ከክቡ ጠረጴዛቸው ተነሥቷል፣ አንዳቸውም የት ሄደ አላሉም። በእኛ ሰፈር ዶሮ ብትጠፋ እንኳ ጎረቤት ሦስት ቀን ይጠይቃል፤ እነዚህ ግን ተራራ የሚገፉ ጀግኖች ናቸውና ዝምታውን ከየት እንደተማሩት ገርሞኛል።

ሁለተኛ፣ የሚሰማላቸው ስለሌለ የሚደርሱት ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ከደረሱም በኋላ ይሰበሰባሉ። እስካሁን ካየናቸው አራት ክፍሎች ሦስቱ ስብሰባ ናቸው፤ ለዚህ በእውነት ፊልም ማየት አያስፈልገንም ነበር።

ሦስተኛ፣ የዚህን ዙር የመጀመሪያ ክፍል ባየንበት ቀን ከአሊዩ አምባ ቃሪያና ኮረሪማ ይዘው ለቅዳሜ ገበያ የሚመጡት ወይዘሮ ሰሊሃ፣ ፊልሙ እንዳያመልጣቸው ዕቃቸውን በርካሽ ጥለው የሚገቡት ሴት፣ ከመካከል ተነሥተው ያ ሰሚ የተባለው ወላሂ ታሞ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ወንድሜ የጠየቀን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልበትም። ማይክሮፎኑን ይዞ ነገሩን በውርጭ አፍ አድርጎ፣ «ሰሚያችን የት ሄደ? ሰሚ አጣን!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ የምምልልዎ ስለ ፊልሙ እንደተናገረ ነው፤ ቃሉ በአማርኛችን ሌላም ነገር ማለት መሆኑን ያስተዋልኩት ከፊት ወንበር ሳያጨበጭቡ ዞረው ሲያዩን ፊትዎን አይቼ ነው። ትርጉሙን ያገኙት እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናው ለእርስዎ ይገባል።

አራተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ትርጉሙን ራስዎ ከወረቀት እያነበቡ ሲያሰሙን ሦስት ቅዳሜ ሆነ። ድካምዎን አደንቃለሁ። ነገር ግን ጭልፊትም፣ ግንቡም፣ ውርጭም «በተባበረ ክንድ» እያሉ አንድ ዓይነት ንግግር ያደርጋሉ፤ ባለፈው ሳምንት አጥር ላይ የተቀመጠችው ድመት እንኳ ይህንኑ አለች። ምናልባት ሰሚ የቀረው ቀበሌያችን ውስጥ ጆሮ በዝቶ ትርፍ ስለሆነ ይሆን? እንዲያ ከሆነ ግን የእኛዎቹ ጆሮዎች የሚሰሙት የሚናገረውን እንጂ የሚያለቅሰውን አይደለም።

አምስተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቁጥሩ ይቅርብኝ። ክቡር ሆይ፣ እፈራለሁ። ቀኑን ሙሉ ለማላውቀው ሰው ብርድ ልብስ ስሰፋ እውላለሁ፣ ለወንድሜ ግን ወደ ቀበሌው እስር ቤት አንዲት ማስገባት አልተፈቀደልኝም። ምሳውን ዘበኛው ይቀበለኛል፤ ዕቃው ባዶውን ይመለስልኛል። ወልደተንሣኤ ከልጅነቱ ጀምሮ የቃሪያ ፍሬ አይበላም፣ እየለቀመ በዕቃው ጠርዝ ይደረድረዋል፤ እኔም ፍሬውን ሳይ እፎይ እል ነበር። ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ዕቃው ተጠርጎ ነው የሚመጣው። ምሳውን ማን እየበላው እንደሆነ ከዚያ ቀን ወዲህ አላውቅም፤ ስፌት ይዤ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር መርፌ እጄን ይወጋኛል።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ሩቅ ናቸው፣ ሰሚን ይመልሱልን ብዬ አላስቸግርዎም። ተርጓሚው ግን የተወሰደው ከዚሁ ከአዳራሹ በር ነው፤ በሕይወት ካለ የት እንዳለ ይንገሩኝ።

ላደረጉልን ሁሉ፣ ወደፊትም ሊያደርጉብን ላሰቡት ሁሉ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ከጠረጴዛዎም ዙሪያ ማንም ሳይጠየቅለት እንዳይጎድልብዎ እመኛለሁ።

አክባሪዎ
ወለተ ጊዮርጊስ፣ የወልደተንሣኤ እህት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ የለጠፍኩት ለእርስዎ ብቻ ብሰጠው አንባቢ እንዳያጣ ሰግቼ ነው። እኔን ለአጭር ጥያቄ የሚፈልገኝ ካለ ሰው መላክ አያስፈልግም፤ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ይዤ በእስር ቤቱ በር ላይ ቆሜ እገኛለሁ። ከነገ ጀምሮ ምሳውን የምቋጥረው ለሁለት ሰው ነው።